ለሙያ ትምህርት ቤት ከመክፈላችን በፊት

እህቶቼ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየጠጣን ስለ ኮሌጅ ክፍያ የተናገርኩትን «በጽሑፍ አድርጊልን» ስለተባልኩ ነው ይህን የምጽፈው። በዕለቱ ማዳም ያላስወጣቻችሁ፣ ፈቃድ ያላገኛችሁ ብዙ ናችሁና ለእናንተም ይድረስ። እኔ አስተማሪ አይደለሁም፤ የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው። ነገር ግን ከቤይሩት ሆኜ የወንድሜን ትምህርት ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ፤ አንዱ ጠፍቷል፣ አንዱ ሠርቷል። አሁን ደግሞ የታናሽ እህቴ ተራ ደርሷል። የምነግራችሁ የከፈልኩበትን ነው።

ከመካከላችን ለወንድም ወይም ለእህት የኮሌጅ ገንዘብ ላክሽ ያልተባለች ጥቂት ናት። ሰሞኑን ደግሞ ብሶበታል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ልጆች 50 በመቶ አምጥተው ያለፉት ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ቤት ተቀመጡ። ወላጅ ይጨነቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ በመጨረሻ ስልኩ ወደ እኛ ይደወላል፦ «ኮሌጅ እናስገባት፣ ብር ላኪ።» ልጅቷ ምን እንደምትማር፣ የት እንደምትማር፣ ስንት ወር እንደሚፈጅ ግን አይነገረንም። እኛም አንጠይቅም። የምንጠይቀው «ስንት ነው?» ብቻ ነው።

ከራሴ ልጀምር። የ10ኛ ክፍል ፈተና የወሰድኩት በ2002 ዓ.ም. ነው። ያኔ ብሔራዊ ፈተናው 10ኛ ላይ ነበር፤ ጥሩ ነጥብ ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ያነሰው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። እኔ ለቴክኒክ የሚበቃ ነጥብ ነበረኝ። ደሴ መንግሥት ኮሌጅ ብገባ የሚያስቸግረን የትምህርቱ ክፍያ አልነበረም፤ ቤት ኪራይና ምግብ ነበር። የእኛ አገር ከሐይቅ ከተማ ወደ ውስጥ በእግር የሚኬድ ስለሆነ ተመላልሼ መማር አልችልም። አባቴ «ለኪራይ የሚሆን ከየት አመጣለሁ?» አለ፣ እውነቱንም ነበር። በዓመቱ ግን ለደላላ የሚሆን 12,000 ብር ተገኘ። አንድ ጥማድ መሬታችንን ወለድ አገድ አስይዞ ነው ያገኘው። ለደሴ ኪራይ ያልተገኘው ብር ለቤይሩት ተገኘ። ይህን ነገር ዕቃ ሳጥብ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። አባቴን ለመውቀስ አይደለም። ለትምህርት ማበደር የሚፈልግ ሰው በሰፈራችን አልነበረም፤ ዓረብ አገር ለምትሄድ ልጅ ግን ሁሉም ያበድራል።

ወንድሜ 10ኛን የጨረሰው በ2009 ዓ.ም. ነው። ደሴ ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ ነበር፣ ስሙን አልጽፍም። በሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ፤ በሰሌዳው ላይ ጋዋን የለበሱ ተመራቂዎች ይስቃሉ። የኤሌክትሪክ ሥራ እስከ ሌቭል 4 እናስተምራለን አሉ። ክፍያው በወር 450 ብር፣ ቤት ኪራይ 600 ብር። እናቴ ሽሮና በርበሬ ትልካለች፣ የቀረውን ምግብና ትራንስፖርት እኔ እችላለሁ። ደመወዜ 150 ዶላር ነበር፤ ግማሹ በየወሩ ደሴ ይገባል። ደብተሬ ላይ እንደጻፍኩት በ24 ወር ለኮሌጁ 10,800 ብር፣ ለኪራይ 14,400 ብር ከፍያለሁ። የበላውን አልደመርኩም። ልብ በሉ፣ ከክፍያው ኪራዩ ይበልጣል። አገር ቤት «ኮሌጅ በወር ይህን ያህል ነው» ሲሏችሁ ትንሹን ቁጥር ነው የሚነግሯችሁ።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወንድሜ ለሲኦሲ ሊመዘገብ ሄደ። እዚያ ያለው ሰው መዝገቡን አይቶ «ይህ ኮሌጅ በዚህ ሙያ ዕውቅና ያለው እስከ ሌቭል 2 ነው» አለው። ሌቭል 3 እና 4 ብሎ የተማረው፣ እኔም ሌቭል 3 እና 4 ብዬ የከፈልኩት፣ ፈቃድ አልነበረውም። ኮሌጁ ሄዶ ሲጠይቅ «በሂደት ላይ ነው፣ ታገሡ» አሉት። ወንድሜ አራት ወር አልነገረኝም። እኔ እልካለሁ፣ እሱ ይቀበላል። ቀን ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ ይሸከማል፤ ማታ ደውዬ «ትምህርት እንዴት ነው?» ስለው «ደህና ነው» ይለኛል። የነገረኝ ቀን አለቀሰ። አልተቆጣሁትም ብል ውሸት ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግቼ ሁለት ሳምንት አላናገርኩትም። በኋላ ግን ራሴን ጠየቅሁ፤ ብሩን ስልክ ወረቀቱን አሳየኝ ያልኩት መቼ ነው? አንድም ቀን አላልኩም። እሱም ሰሌዳውን ነው ያመነው።

የሌቭልና የሲኦሲ ነገር ለሚያምታታችሁ ቀስ ብዬ ላስረዳ። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በሌቭል በሌቭል የተከፈለ ነው። ኮሌጁ ሲያስመርቅ የሚሰጠው ወረቀት ብቻውን አይበቃም። የብቃት ምዘና አለ፣ ሲኦሲ የምንለው። ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ነው፤ የሚመዝነውም ያስተማረው ኮሌጅ ሳይሆን ሌላ አካል ነው። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይላል፤ ገና ብቁ ያልሆነ የተባለ ተዘጋጅቶ እንደገና ይመዘናል። ከእናንተ መካከል ከ2008ቱ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ በኋላ ወደ ዮርዳኖስ ወይም ወደ ሳዑዲ በሕጋዊ መንገድ የመጣችሁ ሲኦሲን ታውቁታላችሁ፤ በቤት አያያዝ ሠልጥናችሁ ተመዝናችሁ ነው ቪዛ ያገኛችሁት። እኔ በደላላ ስለመጣሁ አላውቀውም ነበር። ባውቀው ኖሮ ወንድሜን በመጀመሪያው ወር እጠይቀው ነበር።

የግል ኮሌጅ ዕውቅና ለኮሌጁ በጅምላ የሚሰጥ አይደለም። ለየሙያው፣ ለየሌቭሉ ነው። የኮምፒውተር ዕውቅና ያለው ኮሌጅ ለነርስ ላይኖረው ይችላል፤ ለሌቭል 2 ያለው ለሌቭል 4 ላይኖረው ይችላል። የጊዜ ገደብም አለው፣ ይታደሳል። ስለዚህ ዕውቅና አላችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ የማይል የለም። ወረቀቱን አሳዩኝ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የሙያው ስም፣ ሌቭሉ፣ የሚያበቃበት ቀን ይነበብ። ልጁ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ፎቶ አታንሳ ካሉት ያው መልስ ነው። ከዚያ ፎቶውን ይዞ ዕውቅና ወደሚሰጠው የመንግሥት ቢሮ ሄዶ ያረጋግጥ። አንድ ቀን ቢፈጅበት ነው። እኛ ያንን አንድ ቀን ስላልከፈልን ሁለት ዓመት ከፍለናል።

ሌላም መጠየቅ አለ። ዎርክሾፕ አላቸው ወይ? ገብቶ ይየው፤ ኤሌክትሪክ ሠሪ ያለ ሽቦ በጥቁር ሰሌዳ አይሠለጥንም። ክረምት ላይ ትምህርት ሳይኖር ያስከፍላሉ ወይ? ለተግባር ዕቃ ማን ይገዛል? ልጁ ቢያቋርጥ የተከፈለው ይመለሳል ወይ? ይህን ለመዝጋቢዋ ብቻ አትጠይቁ፤ አምና የጨረሱትን ልጆች ፈልጋችሁ ጠይቁ። ስንቶቻችሁ ሲኦሲ አለፋችሁ፣ ስንቶቻችሁ ሥራ ያዛችሁ በሉአቸው። ተመራቂ አይዋሽም፣ የሚሸጠው ነገር የለውም።

አሁን ወደ እርዳታው ልምጣ። ያለ ወለድ፣ ያለ መያዣ፣ ሳይመለስ የሚሰጥ ገንዘብ የት አለ ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። በጥሬው እጃችሁ ላይ የሚቆጥር ብዙ የለም። ነገር ግን የመንግሥት ኮሌጅ ራሱ እርዳታ ነው፤ እኛ እርዳታ ብለን ስለማንቆጥረው እንጂ። መንግሥት ሕንፃውን ሠርቶ፣ አስተማሪውን ቀጥሮ፣ ማሽኑን ገዝቶ ያስቀመጠው ነው። የሚከፈለው ቢኖር እንኳ ከግሉ ጋር አይወዳደርም። ደሴ ላይ ወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ አለ። አዲስ አበባ ያላችሁ ተግባረ ዕድን፣ እንጦጦን፣ ጄኔራል ዊንጌትን፣ ምሥራቅን፣ ንፋስ ስልክን ታውቃላችሁ። ሥልጠናው እንዲሆን የታሰበውም 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ የትብብር ሥልጠና የሚባል ነገር አለ፣ ሠልጣኙ ድርጅት ገብቶ እየሠራ ይማራል። ጥሩ ድርጅት የደረሰው ልጅ ከዚያው ይቀጠራል።

ታዲያ ለምንድን ነው ቤተሰብ ወደ ግሉ የሚሮጠው? አንደኛ፣ የመንግሥቱ ምዝገባ ቀን አለው፣ ካለፈ አለፈ፤ የግሉ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ሁለተኛ፣ የመንግሥቱ የፈለጉትን ሙያ አይሰጥም፤ ውድድር አለ፣ ነጥብ አለ። ሦስተኛው ግን ይሉኝታ ነው። እኛ ዓረብ አገር እያለን ወንድማችን መንግሥት ኮሌጅ ብየዳ ቢማር ሰፈሩ ምን ይላል? ይህን እናቴ በግልጽ ብላኛለች፦ «ልጄ ውጭ አላት እየተባለ!» ስንቱን ብር የበላው ይሄ ነው።

ወንድሜ በ2013 ዓ.ም. በመንግሥት ኮሌጅ በማታው ገባ። ማታ ይከፈልበታል፣ ግን ጥቂት ነው። ቀን ከአንድ ኤሌክትሪክ ሠሪ ጋር መሰላል እየያዘ፣ ግድግዳ እየፈለጠ ይውላል፤ ለኪራዩ የሚሆን ያገኛል። ደግ ሆነ፤ ምክንያቱም እዚህ ሊባኖስ ነገሩ የተበላሸበት ጊዜ ነበር። ባንኮቹ ዶላር ከለከሉ፣ ሊራው በየሳምንቱ ወደቀ፣ ማዳም «ካለ እከፍልሻለሁ» ማለት ጀመረች። ታስታውሱታላችሁ፣ ከእኛ ስንቶቹ ቆንስላው በር ላይ ሻንጣቸውን ይዘው እንደተጣሉ። እኔ ለአምስት ወር አንድ ብር አልላክሁም። የመጀመሪያው ኮሌጅ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ወር ያባርሩት ነበር። በ2014 ደግሞ ጦርነቱ ደሴ ደረሰና ትምህርቱ ተቋረጠ። ሁሉም አልፎ በ2015 ጨረሰ። ሲኦሲ መጀመሪያ ወደቀ፣ የጽሑፉን። ሁለተኛ አለፈ። ዛሬ ኮምቦልቻ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ይዘረጋል፣ አንድ ልጅ ከሥሩ ይዟል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አውጥቻለሁ። የስድስት ወር ክፍያና ኪራይ ባንክ ደብተር ላይ ካልተቀመጠ ትምህርት አይጀመርም። የእኛ ደመወዝ በማዳም ጤንነት፣ በሊራ፣ በጦርነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። በየወሩ እልካለሁ ብሎ ማስጀመር ልጁን መሐል ወንዝ ላይ ማቆም ነው።

ስለ ብድር ደግሞ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች የወጪ መጋራት የሚባል አላቸው፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ልጁ ሲገባ ይፈርማል፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይመልሳል። ብድር መሆኑን ብዙ ወላጅ አያውቅም፤ «መንግሥት በነፃ አስተማረልኝ» ይላል፣ በኋላ ልጁ ደመወዙ ላይ ተቆርጦ ሲያየው ይደነግጣል። ለሌቭል ሠልጣኝ ግን እኛ ቤት የደረሰ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ከኪሳችን ነው የከፈልነው። ፎቃችን ላይ አንዲት ኬንያዊት አለች፣ ልብስ ልናሰጣ ጣሪያ ላይ ስንወጣ እንጫወታለን። የእነሱ አገር የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ የሚባል አለ፣ ሄልብ ይሉታል፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ። ለቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪም ያበድራል፤ ወለዱ ዝቅተኛ ነው፣ የሚመለሰውም ከጨረሱ በኋላ ነው። እህቷ በዚያ ተምራለች። ቀናሁ።

ስለዚህ በእኛ በኩል ብድር ሲባል የሚቀረው የሰፈሩ ነው። ባንክ የሚጠይቀው መያዣ ነው፤ ቤት፣ መኪና፣ ወይም ደመወዝተኛ ዋስ። ስለዚህ ገበሬ መሬቱን ይዞ ወደ ወለድ አገድ ይሄዳል። ከከተማ ለሆናችሁ፣ ወለድ አገድ እንዲህ ነው፦ አበዳሪው ብሩን ይሰጣል፣ መሬቱን ይረከባል። ዋናው ብር ተሟልቶ እስኪመለስለት ድረስ እያረሰ እህሉን ይወስዳል። እህሉ ወለዱ ነው። በየዓመቱ ቢያርሰውም ከዋናው ላይ አንድ ብር አይቀነስም። የእኛ 12,000 ብር ከሦስት ዓመት በኋላም ያው 12,000 ብር ነበር። አባቴ እንደሚለው ያ መሬት በደህና ዓመት ከ3 ኩንታል ጤፍ አያንስም። ሦስት ዓመት 9 ኩንታል ነው። በዚያን ጊዜ በኩንታል 1,200 ብር ብናስበው 10,800 ብር ይሆናል። ዘሩን፣ የበሬውንና የሰውን ድካም ብትቀንሱም የተበደርነውን ያህል ሊጠጋ ትንሽ የቀረው ወለድ ከፍለናል፣ አንድም ወረቀት ላይ ወለድ የሚል ቃል ሳይጻፍ። በወር የሚያስቆጥረው አራጣ አበዳሪማ ከዚህም የከፋ ነው፤ እሱን አላነሳውም።

ዕቁብስ? ዕቁብ እኔ እወዳለሁ። አሥር ሆነን በወር 50 ዶላር ብንጥል፣ ዕጣ የደረሳት 500 ዶላር ታገኛለች። መጀመሪያ የደረሳት ያለ ወለድ ተበደረች ማለት ነው፤ መጨረሻ የደረሳት ቆጠበች ማለት ነው። ለኮሌጅ ምዝገባ ዕጣ መግዛትም መለመንም ይቻላል። አደጋው ሌላ ነው። እዚህ ሰው በአንድ ቀን ይጠፋል፤ ትያዛለች፣ አገር ትገባለች፣ ማዳም ቤት ትቀይራለች። ከማታውቋት ጋር አትግቡ፣ የዙሩን ቁጥርም አታብዙ።

መበደር ግድ ከሆነ የእኔ አሳብ ይህ ነው፦ ለመማር አትበደሩ፣ ከተማሩ በኋላ ለመሥሪያ ዕቃ ተበደሩ። ሠልጥኖ ሲኦሲ ያለው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ፣ እርስ በርስ ተዋውሶ ዋስ ሆኖ፣ ከብድርና ቁጠባ መበደር ይችላል። በእኛ ክልል አብቁተ የምንለው ነበር፣ አሁን ጸደይ ባንክ ሆኗል። ያ ብድር ድሪል ይገዛል፣ የፀጉር ካስክ ይገዛል፤ ዕቃው ሠርቶ ዕዳውን ይከፍላል። ለትምህርት የተወሰደ ብድር ግን ልጁ ቢወድቅ፣ ቢታመም፣ ቢያገባ ዕዳው ብቻውን ይቀራል። በዚህ የማይስማሙ እህቶች አሉ፤ እሑድ ዕለት አንዷ «አባቴ ባይበደር ኖሮ ወንድሜ ዛሬ ሆስፒታል አይሠራም ነበር» ብላኛለች። እውነቷን ነው። የእሷ ቀንቷታል።

ሌላዋ ደግሞ ስለ አሜሪካ ጠየቀች። በጋብቻ ወይም በዲቪ የሚሄዱ ከመካከላችን አሉና አጭር ላድርገው። ከዚህ ወደ ሚኒሶታ የሄደች ጓደኛዬ እዚያ የሙያ ትምህርት ቤት ስትገባ በስልክ ደጋግማ የነገረችኝ ነው። እዚያ እርዳታው ሁለት ዓይነት ነው፤ ስጦታና ብድር። ስጦታው ፔል ግራንት ይባላል፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ነው፣ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። በ2024–25 እ.ኤ.አ. የትምህርት ዘመን ትልቁ 7,395 ዶላር ነበር። ብድሩ ግን ይመለሳል፤ ትምህርቱን ያቋረጠም ይከፍላል፤ የመንግሥቱ ብድር ከትምህርት ቤት ከወጡ ከስድስት ወር በኋላ መጠየቅ ይጀምራል። ለሁለቱም የሚሞላው ፎርም አንድ ነው፣ ፋፍሳ ይባላል፣ በነፃ ነው። ልሙላልሽ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ሽሹት። ግሪን ካርድ ያላት ማመልከት ትችላለች። እንደ እኔ 10ኛ ክፍል ላይ የቆመች ግን በቅድሚያ ጂ.ኢ.ዲ. የሚባለውን፣ የ12ኛን የሚተካውን ፈተና፣ ብታልፍ ነው መንገዱ የሚከፈትላት። ጓደኛዬ ሁለት ትምህርት ቤት አየች። አንደኛው የግል ነው፣ ሻይ ጋብዘው አስፈርመው ሊያስገቧት ነበር፣ «ዛሬ ምንም አትከፍይም» እያሉ። ዛሬ የማይከፈለው በብድር ስለሆነ ነው። ሁለተኛው የመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፤ ፔሉ ክፍያውን ችሎላት መጽሐፍ ገዝታበታለች። እዚያም ያው ሰሌዳና ወረቀት ነው ነገሩ።

አሁን ስለ ራሳችን ትንሽ። ሁልጊዜ ለወንድምና ለእህት እንከፍላለን፤ እኛስ? እኔ 14 ዓመት ምግብ አብስያለሁ። የማዳምን እናት ሦስት ዓመት አስታምሜአለሁ፤ ስኳሯን ለክቼ፣ ቁስሏን አጥቤ፣ አገላብጬ። ሦስት ልጆች ከአራስነት አሳድጌአለሁ። ይህን ሁሉ ስናደርግ ትምህርት ቤት የገባን አይመስለንም። ሲኦሲ ግን የት ተማርሽ ብሎ ብቻ አይደለም የሚመዝነው፤ በሥራ ልምድ ያወቀ ሰውም መመዘን ይችላል። አገር ስትገቡ፣ የምግብ ዝግጅት ለምሳሌ፣ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ከመክፈላችሁ በፊት ምዘና ጣቢያ ሄዳችሁ በሙያው የሚጠየቀውን ዝርዝር ጠይቁ። የምታውቁትን ምልክት አድርጉበት። የማታውቁት ጥቂት ከሆነ ለእሱ ብቻ አጭር ሥልጠና ትወስዳላችሁ። የጽሑፉ ፈተና ነው የሚያስፈራው፤ እጃችን እንጂ ብዕራችን ዝጓል። እኔ አሁን ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ የወንድሜን የድሮ መልመጃ በስልኬ እያየሁ መጻፍ እለማመዳለሁ። ይህን ጽሑፍም ያለ እርዳታ የጻፍኩት ለዚያ ነው፤ ስሕተት ካገኛችሁ ይቅር በሉኝ።

የታናሽ እህቴን ነገር ነግሬ ልጨርስ። ባለፈው ዓመት 12ኛን ተፈትና አልመጣላትም። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ደሴ ያለ የግል ኮሌጅ በወር 2,500 ብር ብሏታል፤ ኪራዩ 4,000፣ ምግቡ ቢያንስ 5,000። ይህ በወር 11,500 ብር ነው። ኮሌጁ ደግሞ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ለከፈለ ቅናሽ አለ ብሏል። አባቴ ይህን ሲሰማ ያንኑ መሬት፣ እኔን ወደዚህ ያመጣውን፣ ወለድ አገድ ሊሰጥ ሰው አነጋገረ። ደውዬ «አባዬ፣ ይህን አታድርግ» አልኩት። እሱም «ለአንቺ ሰጥቼ ለእሷ ልከልክላት?» አለኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም፣ ዝም አልኩ።

በማግሥቱ ግን ወንድሜን ላክሁት። የዕውቅናውን ወረቀት አሳዩኝ ብሎ ጠየቀ፣ ፎቶውን ላከልኝ። የነርስ ሌቭል 4 ዕውቅና አላቸው፣ ግን ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል፤ እድሳት ላይ ነን ይላሉ። ምናልባት እውነታቸውን ነው። ቢሆንም እድሳቱን ሳላይ የዓመት ክፍያ አልልክም፣ ቅናሽም ቢኖረው። ደሴ የመንግሥት የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፣ ተወዳዳሪው ብዙ ነው፤ መጀመሪያ እዚያ ተወዳደሪ አልኳት። ካልሆነ፣ የግሉ ወረቀቱ ሲታደስ፣ በየወሩ በኮሌጁ የባንክ ሒሳብ በስሟ አስገባለሁ፣ ደረሰኙ ይላክልኛል። በእጅ የሚሰጥ ብር የለም። የስድስት ወሩን ገንዘብ ከዕቁቤ ጋር አድርጌ አራቱን ወር አስቀምጫለሁ፣ ሁለት ይቀረኛል። አባቴ መሬቱን እስከ መስከረም እንዳያስነካ ቃል ገብቶልኛል።

እህቴ አኩርፋኛለች። ሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሳችም፣ እኔ በወንድሜ ላይ እንዳደረግሁት። ትናንት ማታ ግን የመንግሥቱን ኮሌጅ የመመዝገቢያ ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ምንም አልጻፈችበትም፤ ፎቶውን ብቻ።